የፎሶልያው ትኩሳት

የሻረግ ደግ ሴት ናት። ኋላ የሚመጣውን ሰምቶ የሚፈርድባት ስለማይጠፋ ይህ አስቀድሞ ቢነገር ይሻላል። ጎረቤት ሲታመም አጥሚት ሠርታ የምትሄድ፣ መስቀል አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ለነፍሰ ጡር ተራዋን የምትለቅ ናት። ደግነቷ ያለቀው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው።

ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ አሮጌ ቪላ ተከራይቶ የሚሠራ ትንሽ የመስኖ ጥናት ቢሮ ነበር። ቪላው ጣሪያው ያፈሳል፣ በሩ ያለ ትከሻ ግፊያ አይከፈትም፤ ጓሮው ግን ሰፊና ፀሐይ የሞላበት ነው። እዚያ ጓሮ ላይ አራት የፎሶልያ መደቦች አሉ። ሁለቱ በቀን መቁጠሪያ፣ በአራት በአራት ቀን ውሃ ይጠጣሉ። ሁለቱ ደግሞ የሚጠጡት ቅጠላቸው ሲሞቅ ነው፤ የተጠማ ተክል ቅጠሉ ከአየሩ ይበልጥ ይሞቃላ። ውሃው የሚመጣው መሬት ላይ በተዘረጋ ቀጭን ጎማ ጠብ ጠብ እያለ ሲሆን፣ እርጥበቱ ቶሎ እንዳይተን ከላዩ ጭድ ተነጥፎበታል። የትኛው ይሻላል የሚለውን ለማወቅ ታዲያ ቅጠሉንም አፈሩንም በየቀኑ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሻረግ ነበረች። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ ትንበረከካለች። አፈር ውስጥ የተተከሉትን የብርጭቆ ቴርሞሜትሮች ታነባለች፤ ከዚያ ቀጭን የሽቦ መለኪያዋን ከቅጠሉ ሥር ትይዝና ቁጥሩ እስኪረጋ ትጠብቃለች። ከየመደቡ ስምንት ቅጠል፣ በጠቅላላው አርባ ደቂቃ። ሁሉንም በሰማያዊ ደብተሯ ትጽፋለች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ አፈር፣ ቅጠል። በመጨረሻ «ምልከታ» የሚል ዓምድ አለ። እዚያ ቁጥር ያልሆነው ነገር ሁሉ ይገባል፤ ደመና አለፈ፣ ጉንዳን ወጣ፣ የጎረቤት አዲስ ቆርቆሮ አንጸባረቀ። አርብ አርብ የቢሮው ኃላፊ ዶክተር ልዑልቃል ያን ዓምድ ያነቡታል፤ ለሥራው አንድ ችግር ካለ የሚነገረው እዚያ ነው።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዶክተር በረንዳው ላይ ቆመው፣ ቦርሳቸውን ገና ሳያስቀምጡ፣ «የሻረግ፣ ዛሬ መሬቱ ምን ይላል?» ይሏታል። እሷም ትነግራቸዋለች። ወሎ ሰፈር ባለች ቤቷ፣ ባሏ ካረፈ ወዲህ፣ ዛሬ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቃት ሰው አልነበረም። በቀን አንድ ጊዜ የምትጠየቀው እዚያ በረንዳ ሥር ነው፤ ለሌላ ሰው ተራ ሰላምታ ይሆናል፣ ለእሷ ግን ደመወዟ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁዳዴ የገባ ዕለት፣ የካቲት አሥራ ሰባት ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሜቲ የምትባል ልጅ የፕላስቲክ ሣጥን በእጇ ይዛ መጣች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት አልሞላትም፤ ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ከሣጥኑ ያወጣችው ነገር ሽጉጥ ይመስላል፤ ቃታ ሳይቀር አለው። ቅጠሉን ሳይነካ ሙቀቱን ከሩቅ የሚያነብ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ነው። ቃታው ሲሳብ ቀይ ነጥብ ቅጠሉ ላይ ታርፋለች፣ በጀርባው በኩል ቁጥር ብቅ ይላል። የሻረግ አርባ ደቂቃ ተንበርክካ የምትሠራውን ልጅቷ ቆማ በሦስት ደቂቃ ጨረሰችው።

ዶክተር እንደ ልጅ ፈነደቁ። «የሻረግ፣ በቃ ከእንግዲህ ጉልበትሽ አረፈ! ቅጠሉን ለሜቲ ተይላት፤ አንቺ አፈሩን ብቻ ያዥ።»

ጉልበቴን አመመኝ ያለው ማነው? አለች የሻረግ በልቧ። አፏ ግን «እሺ ዶክተር» አለ።

ሜቲ ከሰዓት በኋላ ሽጉጧን ይዛ አጠገቧ መጣች። «እትዬ የሻረግ፣ ማለቴ... ቅጠል በመለካት ከእርስዎ የሚበልጥ የለም አሉኝ። እስቲ ይዩልኝ፣ አያያዜ ልክ ነው? ትሬኒንጉን የሰጡን የደረሰ ስንዴ ላይ ነበር፤ ፎሶልያ ለክቼ አላውቅም።»

«እኔ የሽጉጥ ነገር ምን አውቅልሻለሁ?» አለቻትና ፊቷን ወደ ብርጭቆዎቿ መለሰች።

በማግስቱ ዶክተር በረንዳው ላይ ቆሙ። የሻረግ መልሷን አዘጋጅታ ቀና አለች። እሳቸው ግን በራሷ ላይ አሻግረው፣ «ሜቲ! ዛሬ ፎሶልያዎቹ ትኩሳት አላቸው?» አሉ። ልጅቷ ሳቀች፣ እሳቸውም ሳቁ። የሻረግ ያዘጋጀችውን መልስ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ቀናች። ነገሩን «ለሥራው ማሰብ» ብላ ልትሰይመው ሁለት ቀን ታግላለች፤ በሦስተኛው ቀን ለራሷም መዋሸት ሰለቻት። ሜቲ ስትስቅ ፊቷን ታዞራለች። ሜቲ ልኬቱን በእንግሊዝኛ «ሪዲንግ» ስትለው፣ «ንባብ» ብላ በልቧ ታርማታለች። ስብሰባ ላይ ዶክተር ለልጅቷ ወንበር ሲስቡላት አየች፤ ለእሷ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ወንበር ሲሳብላት ትዝ አይላትም። በዚያው ስብሰባ ላይ የባሰው ተነገረ። ቪላው ለልማት ስለሚፈለግ ቢሮው ከክረምቱ በፊት ይለቃል፤ በአዲሱ ቦታ ለልኬት ሥራ የተፈቀደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላዋ መዝገብ ቤት ትገባለች። ዶክተር እስከ መጋቢት መጨረሻ አንድ ስም ጽፈው ይልካሉ።

መዝገብ ቤት መስኮት እንኳን የለውም። የሻረግ ያን ዕለት ከመስቀል አደባባይ እስከ ወሎ ሰፈር በእግሯ ሄደች፤ ባቡሩ ሊሠራ መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ አቧራው ሰማይ ነክቷል፣ እሷ ግን አቧራውንም አላየችው። በልቧ የምታየው በጨለማ ክፍል ውስጥ ፋይል ስትደረድር ራሷን ነበር። ከክፍሉ ውጭ፣ ከፀሐዩ በኩል፣ የሜቲ ሳቅ ይሰማታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሽቦዋን አልጣለችም። ማንም ሳያዛት፣ ሜቲ ለክታ ስትገባ፣ አፈር የምታነብ መስላ ትንበረከክና ቅጠሉን በድሮው መንገድ ትለካዋለች። የሁለቱ ቁጥር ግን ሰማይና ምድር ሆነ። ሽጉጡ ሠላሳ አራት ሲል ሽቦዋ ሃያ አምስት ይላል። በልጅቷ ቁጥር ከሄድን ፎሶልያዎቹ በውሃ ጥም ሊሞቱ ነው፤ በእሷ ቁጥር ደግሞ ጠግበው ተኝተዋል። አዲሱን መሣሪያ ማን ይጠረጥራል? የጠረጠረችው ራሷን ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለካ የኖርኩት ስህተት ይሆን? ይህ ሐሳብ ከቅናቱ ይብስ አስጨነቃት።

የካቲት ሃያ አራት፣ ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ወጣ። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም ምሳ አታውቅም። ሽጉጡ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ግራ ቀኝ አየችና አነሳችው። እንደ ሰረቀ ሰው እያደባች መደቡ ጋ ሄደች፣ እንደ ሜቲ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ከላይ ወደ ታች ደግና ቃታውን ሳበች። ቀይ ነጥቧ ቅጠል ላይ አረፈች። ሠላሳ አራት። ተንበረከከች። መሣሪያውን በስንዝር ርቀት አቀረበችና አግድም አድርጋ ቅጠሉ ላይ ብቻ ያዘችው። ሃያ አምስት። ቀጥሎ ጭዱን ለካችው፤ አርባ ሰባት።

ወዲያው ገባት። ቀይዋ ነጥብ የምታሳየው መሃሉን ነው፤ መሣሪያው የሚያየው ግን ከነጥቧ በጣም የሰፋ ክብ ነው። ከቅርብ ሲይዙት ክቡ የሻይ ብርጭቆ አፍ ያህላል፣ ከላይ ሲቆሙበት ትሪ ያህላል። የደረሰ ስንዴ መሬቱን ስለሚሸፍነው ከላይ ቢያዩት ችግር የለውም፤ ገና ቅጠሉ መሬቱን ያልሸፈነ ፎሶልያ ላይ ግን ትሪው የሚሞላው በፀሐይ በጋለው ጭድ ነው። ልጅቷ ቅጠል ለካሁ ብላ ጭድ ስትለካ ነው የከረመችው።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ በሁዳዴ። ሽቦዋ ልክ ነው፤ አሥራ ሰባቱ ዓመት ልክ ነው። ሽጉጡም ልክ ነው። የተሳሳተችው ሜቲ ብቻ ናት! የሻረግ ጭዱ ላይ ቁጭ ብላ ለብቻዋ ሳቀች። መሣሪያውን ወደ ቦታው መለሰችና ደብተሯን ገልጣ በምልከታው ዓምድ እንዲህ ጻፈች፦ «የቅጠል ለኪዋ ከላይ ቀጥ አድርጋ ትይዛለች። የምትለካው ጭዱን ነው። በቅርብና በአግድም ቢያዝ ከሽቦው ጋር ይገጥማል።»

ከሰዓት በኋላ ልንገራት ብላ እንደነበር መካድ አይቻልም። ደረጃው ሥር ድረስ ሄዳለች። ዶክተር ግን በመስኮት በኩል፣ «ይቺ ልጅ እኮ ሥራችንን ሃያ ዓመት ወደፊት ወሰደችው!» ሲሉ ሰማች። ትውሰዳቸው እንግዲህ፤ ሲጠይቁኝ እናገራለሁ፣ አለችና ተመለሰች። ሥጋና ወተት እርም ብላ ሰው መብላት የጀመረችው ያን ቀን ነው።

ማንም አልጠየቃትም። አርብ መጣ፤ ዶክተር ደብተሯን አላነሱም፤ አሁን የሚያዩት የሜቲን ኮምፒውተር ነው። ሽጉጡ በየቀኑ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት ይላል፤ ስለዚህ ሁለቱ መደቦች በየቀኑ ይጠጣሉ። ጭዱ ደግሞ ጉድ ነው፤ ሥሩ ጭቃ ሆኖ እንኳ ላዩ በአንድ ሰዓት ፀሐይ ይደርቃልና ሽጉጡን እንደገና ያታልለዋል። የሻረግ በየቀኑ ትለካለች፣ በየቀኑ ትጽፋለች። «ዛሬም ጭዱን። አፈሩ ረስርሷል።» «ዛሬም ጭዱን። የታችኛው ቅጠል ቢጫ እያለ ነው።» በየቀኑም ከልጅቷ ጎን፣ ሦስት እርምጃ ርቃ፣ አፏን ዘግታ ትቆማለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የእሷን አፍ ግን ምን እንደሞላው እሷ ታውቃለች።

ነገሩን በአፍንጫቸው ያወቁት ውሃውን የሚከፍቱት ጋሽ ዳባ ናቸው። ሰውየው ማሳ ላይ ያደጉ ናቸውና ወረቀት አያስፈልጋቸውም። አንድ ቀን የቧንቧውን እጀታ እንደያዙ፣ «የሻረግ፣ ይሄ መሬት ጠጥቶ ሰክሯል» አሏት። «ወረቀቱ አጠጣ ይለኛል። ያንቺ ብርጭቆ ምን ይላል?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ ጋሽ ዳባ?»

«እኔ ጠየቅኩሽ።»

ባርኔጣዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወደሚቀጥለው መደብ አለፈች። ትንሽ አዩዋትና እጀታውን ከፈቱት።

መጋቢት አሥር ቀን ሽቦዋን ከቅጠሉ ሥር ስትይዝ ሠላሳ ሦስት አላት። ደነገጠች። ሌላ ቅጠል ያዘች፤ ሠላሳ ሁለት። ሽጉጡና ሽቦው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ሥሩ ታፍኖ ስለበሰበሰ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ መጠጣት አልቻለም፤ ቅጠሉ የምሩን እየነደደ ነው። የሜቲ ስህተት እውነት ሆነ። የሻረግ እጇን ከቅጠሉ ላይ ሳታነሳ ቆየች። እነዚያን ፎሶልያዎች በዘር ጊዜ በጣቷ እየወጋች የተከለቻቸው ራሷ ነበረች። ጭዱን ከግንዱ ሥር ገለጥ አደረገችው፤ ወዲያው ግን ነገ ልጅቷ ምን እንደምትሆን አሰበችና መልሳ ሸፈነችው።

በነጋታው ሁለቱ መደቦች ጠውልገው ተኝተው ተገኙ። በቀን መቁጠሪያ የሚጠጡት ሁለቱ ጎናቸው ላይ አረንጓዴ ሆነው ቆመዋል። ዶክተር፣ ሜቲ፣ ጋሽ ዳባና የሻረግ መደቡ ዙሪያ ቆሙ። ጋሽ ዳባ አንዱን ተክል ነቅለው አነሱት፤ ሥሩ ጠቁሯል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። የሜቲ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «በየቀኑ ለክቻለሁ እኮ» ትላለች፤ «ነጥቧን ቅጠሉ ላይ ነበር የማሳርፈው፤ በቃ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም።»

ዶክተር የጠቆረውን ሥር በጣታቸው ነካ አደረጉት። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም። መሣሪያው ነው። ለእኛ አገር ፀሐይ አልተሠራም መሰለኝ። እንመልሰዋለን፤ የሻረግ በሽቦዋ ትቀጥላለች።»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ሁሉም ነገር የእሷ ነበር። ሽጉጡ ወደ ሣጥኑ፣ ሜቲ ወደ መዝገብ ቤት፣ እሷ ወደ በረንዳው ሥር። ቅናት ግን ልክ አያውቅም። አሥራ አራት የሥራ ቀን አፏን ዘግታ የጠበቀችው ልጅቷ «ምንም አላጠፋሽም» እንድትባል ነው እንዴ?

«መሣሪያው ምንም አልሆነም ዶክተር» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «አያያዙን ስለማታውቅ ነው። ጭዱን ነው ስትለካ የከረመችው። ይኸው፣ እዚህ አለ።» ሰማያዊ ደብተሯን ዘረጋችላቸው።

ዶክተር መነጽራቸውን አድርገው ምልከታውን አነበቡ። ፊታቸው በራ። «እንዴ! እውነትም... ክቡ! ጭዱ!» የደብተሩን ገጽ ገለጡ፤ ሌላም ገለጡ። እየገለጡ በሄዱ ቁጥር እጃቸው እየዘገየ መጣ። ወደ ኋላ ተመልሰው የመጀመሪያውን ቀን ፈለጉ።

«የሻረግ፣ ይሄ የካቲት ሃያ አራት ይላል።»

«አዎ።»

«የዚያኑ ዕለት ነው የጻፍሽው? ወይስ ኋላ ነገሩ ሲገባሽ?»

ማምለጫው ይኸው ነበር፤ ኋላ ነው የጻፍኩት ማለት ብቻ ነው። የሻረግ ግን በዚህ ደብተር ላይ ውሸት ጽፋ አታውቅም፤ ስለ ደብተሩም ውሸት መናገር አልቻለችበትም። አንገቷን ቀና አደረገች። «እኔ የዛሬን ቁጥር ነገ ጽፌ አላውቅም፣ ዶክተር። የዚያኑ ዕለት፣ በሰዓቱ ነው።»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ምን እንዳለች ሰማችው። ዶክተር ደብተሩን በቀስታ ከደኑት። ጋሽ ዳባ የያዙትን ተክል መሬት ላይ አስቀመጡና እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«አሥራ አራት ቀን» አሉ ዶክተር። «እኔም አርብ አርብ ደብተሩን ማንሳት ትቻለሁ፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው፣ ይጻፍብኝ። አንቺ ግን ከጎኗ ቆመሽ...» አልጨረሱትም።

የጨረሰችው ሜቲ ናት። አልጮኸችም፤ እንዲያውም ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። «የመጀመሪያው ቀን ላይ ጠይቄዎት ነበር እኮ፣ እትዬ። ልክ ነኝ ወይ ብዬ።»

መሳደብ፣ ማልቀስ፣ ወንበሩን፣ በረንዳውን፣ መስኮት የሌለውን ክፍል መናገር ይቻል ነበር። የትኛውም ለዚህች ጥያቄ መልስ አይሆንም።

መጋቢት ሃያ ሁለት ደብዳቤው ወጣ፤ ስሙ የሜቲ ነው። ከደብዳቤው ጋር የሰማያዊው ደብተር ቅጂ ተያይዟል፤ በውስጡ ባሉት የሽቦ ቁጥሮች ጥናቱ ከመሰረዝ ድኗልና ዶክተር ያን አልካዱም። የሻረግ እስከ ክረምቱ ድረስ አፈሯን እየለካች ትቆያለች፣ ከዚያ መዝገብ ቤት። ጋሽ ዳባ የሞቱትን መደቦች ገልብጠው እንደገና ዘሩ።

ሜቲ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ እትዬ» ትላታለች። ጎንበስ ብላ ነው የምትላት፣ ክብሯን አልቀነሰችባትም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ጠይቃት አታውቅም፤ ሰዓት እንኳን። የሻረግ ያኔ እንደዚያ ያንገበገባት የልጅቷ ሳቅ አሁን ቢሰማ ምንኛ በወደደች፤ ሜቲ ግን ጓሮው ውስጥ ስትሆን አትስቅም።

ሚያዝያ መግቢያ ላይ፣ አዲሱ ፎሶልያ ሁለት ሁለት ቅጠል ሲያወጣ፣ ሜቲ ተንበርክካ፣ በስንዝር፣ በአግድም ስትለካ የሻረግ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር። ፀሐዩ ዞሮ የልጅቷ ጥላ ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ አየች። ጥላ ቅጠሉን ያቀዘቅዘዋል፤ ቁጥሩ ይሳሳታል።

«ሜቲ፣ ጥላሽ ቅጠሉ ላይ ወድቋል።»

ሜቲ ቀና ሳትል ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። «አይቼዋለሁ፣ አመሰግናለሁ» አለችና ቃታውን ሳበች።

የሻረግ ደብተሯን ገለጠች። ቀኑን ጻፈች፣ ሰዓቱን ጻፈች፣ የአፈሩን ቁጥሮች በየቦታቸው አሰፈረች። የምልከታው ዓምድ ጋ ደረሰች። ከዚያ እንደ ወትሮዋ እውነቱን ጻፈች፦ «ነገርኳት። ዘግይቼ።»